ስለ ቤት መሥሪያ ፈቃድና ስለ ጎረቤት ጤና

በአገራችን ቤት መሥራት እንደ ቀላል ነገር አይታይም። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ለፍቶ ያጠራቀመውን ገንዘብ አውጥቶ መሠረት ሲያስቆፍር ዘመድ አዝማድ ደስ ይለዋል፤ ቤቱ አልቆ ሲመረቅም ጎረቤት ይሰበሰብና ሽማግሌው «ልጅ ይደግበት፤ እንግዳ ይስተናገድበት» ብለው ይመርቃሉ። ይህ መልካም ልማድ ነው። ዳሩ ግን ቤቱ ሲታሰብ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ የት እንደሚቆፈር፣ መስኮቱ ምን ያህል እንደሚሰፋ፣ የዝናቡ ጎርፍ ወዴት እንደሚወርድ አብሮ ያልታሰበ እንደ ሆነ የሽማግሌው ምርቃት ሳይፈጸም ይቀራል፤ ሊያድጉበት የታሰቡት ልጆች ይታመሙበታልና።

ስለ ቤት መሥሪያ ፈቃድ በከተሞቻችን የሚነገረውን ብናዳምጥ አብዛኛው ምሬት ነው። አንዱ «ገንዘብ ለመሰብሰብ የተፈጠረ ዘዴ ነው» ይላል፤ ሌላው «ሰው በገዛ ግቢው እንዳያዝ የሚከለክል ነው» ይላል፤ ሦስተኛውም «ደጅ መጥናት ለማያውቅ ሰው የማይገኝ ወረቀት ነው» ይላል። እኔ መሐንዲስ ወይም የሕግ ዐዋቂ አይደለሁም፤ የጤና መኮንን ነኝ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ለአንባቢ ላስረዳ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ይኸውም የቤት መሥሪያ ፈቃድ ከሁሉ አስቀድሞ የጤና ጉዳይ መሆኑን፤ በውስጡ የሚሰላውም ሒሳብ አንድ ባለ ቤት በግቢው ውስጥ ሆኖ ብቻውን ሊፈታው የማይችል የጎረቤታሞች ሒሳብ መሆኑን ነው። ይህን በሚገባ የተረዳን እንደ ሆነ ባለ ቤቱ ሳይገደድ ፈቃዱን ይጠይቃል፤ ሹሙም ሳያጉላላ ይሰጣል።

ነገሩን ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ትምህርቴን በባሕር ማዶ ፈጽሜ እንደ ተመለስሁ በአንዲት መካከለኛ ከተማ ተመድቤ እሠራ ነበር። የከተማይቱን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ የምናገረው ነገር በብዙ ከተማ የሚደርስ ነውና። ወደ ጤና ጣቢያው በምሄድበት መንገድ ዳር ጡረታ የወጡ አንድ የተከበሩ ሰው በግቢያቸው ጫፍ ስድስት የኪራይ ክፍሎች ያሠሩ ነበር። አንድ ቀን ጧት በዚያ ሳልፍ ሁለት ሠራተኞች ከአጥሩ ሥር ጥልቅ ጉድጓድ ሲቆፍሩ አየሁ፤ የሽንት ቤት ጉድጓድ መሆኑንም ዐወቅሁ። ባለ ቤቱ «ጤና ይስጥልኝ» አሉኝ፤ እኔም እጅ ነሥቼ አለፍሁ። ከአጥሩ ማዶ የጎረቤት የውሃ ጉድጓድ መኖሩንና አለመኖሩን አልጠየቅሁም። «ይህ የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ ሥራ ነው» ብዬ በልቤ አሰብሁ።

ክረምቱ ገብቶ በወጣ ጊዜ ከአጥሩ ማዶ ካለው ግቢ ሦስት ልጆች ከፍ ያለ ትኩሳት ይዟቸው ወደ ጤና ጣቢያው መጡ። ሕመማቸው የአንጀት ተስቦ፣ ማለት ታይፎይድ፣ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱ ዳኑ። አንደኛው፣ የ7 ዓመት ልጅ፣ አንጀቱ ተበስቶ ስለ ነበር ወደ ሆስፒታል ቢላክም ሳይመለስ ቀረ። ከቀብሩ በኋላ ሜትር ይዤ ወደ ሁለቱ ግቢዎች ሄድሁ። ከሽንት ቤቱ ጉድጓድ እስከ ጎረቤቱ የውሃ ጉድጓድ ያለው ርቀት 7 ሜትር ነበር። የውሃው ናሙና ሲመረመርም ከሰው ዓይነ ምድር የሚመጡ ረቂቅ ተሐዋስያን ተገኙበት።

ባለ ቤቱ ሜትሩ ሲዘረጋ ባዩ ጊዜ ፊታቸው ተለወጠ። «ልጄ፤ እኔኮ ይህን ጉድጓድ ያስቆፈርሁት ተከራዮቹ ሜዳ እንዳይወጡ፣ ሰፈሩ እንዲጸዳ ብዬ ነው፤ የጎረቤቴ ውሃ ከአጥሩ ማዶ እንዲህ መቅረቡን ማን ነገረኝ?» አሉኝ። ፈቃድ ጠይቀው እንደ ሆነ ብጠይቃቸው «ብጠይቅ ሁለት ክረምት ያልፍብኛል ብዬ ተውሁት» ብለው መለሱ። የልጁ እናት ግን እኔን ተመልክተው «የኔ ጌታ፤ ሲቆፈር እርስዎ በዚያ ያልፉ አልነበረም ወይ?» አሉኝ። ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። ጉድጓዱን ያስቆፈሩት ሰው ለንጽሕና አስበው ነው፤ ሴትዮዋም ውሃቸውን ለልጆቻቸው ቀዱ። ጥፋቱ ሁለቱን ግቢዎች ባንድነት የተመለከተ ሰው አለመኖሩ ነው። ይህንንም በቁጥር ማሳየት ይቻላል።

በብዙ አገር የጤና መመሪያ የሽንት ቤት ጉድጓድ ከመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር እንዲርቅ፣ የጉድጓዱም ወለል የከርሰ ምድሩ ውሃ በክረምት ከሚደርስበት ከፍታ ቢያንስ 1.5 ሜትር በላይ እንዲሆን ይመከራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አፈር እንደ ማጥለያ ሆኖ ያገለግላል፤ ፍሳሹ በአፈሩ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲያልፍ ተሐዋስያኑ ከአፈሩ ጋር እየተጣበቁ፣ ጊዜም እየፈጀባቸው ይሞታሉ። ለዚህ ግን ርቀትና ጊዜ ያስፈልጋል። መሬቱ ስንጥቅ ያለበት ድንጋይ የሆነ እንደ ሆነ ፍሳሹ እንደ ቦይ ውሃ ስለሚሮጥ 30 ሜትሩም ላይበቃ ይችላል።

አሁን ወርዱ 10 ሜትር፣ ርዝመቱ 20 ሜትር የሆነ ባለ 200 ካሬ ሜትር ግቢ እንውሰድ። በዚህ ግቢ ውስጥ እርስ በርሳቸው ከሁሉ የሚራራቁት በሰያፍ የሚተያዩት ሁለት ማዕዘኖች ናቸው። በመካከላቸው ያለው ርቀት በፓይታጎረስ ሕግ ሲሰላ 22 ሜትር ከ36 ሳንቲሜትር ያህል ነው። እንግዲህ ባለ ቤቱ የፈለገውን ያህል ቢጠነቀቅ በዚህ ግቢ ውስጥ 30 ሜትር ሊያገኝ አይችልም፤ መሬቱ የለውምና። ይባስ ብሎም የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ከራሱ ውሃ ለማራቅ ወደ አጥሩ ባስጠጋው መጠን ወደ ጎረቤቱ ውሃ እያቀረበው ይሄዳል። ጎረቤቱም እንደዚሁ ያደርጋል። አጥር ሰውንና ከብትን ይከለክላል እንጂ ከመሬት በታች የሚሄደውን ውሃ አይከለክልም።

ስለዚህ የሁሉንም ግቢ በአንድ ወረቀት ላይ ሥሎ የሚመለከት፣ የማን ውሃ የት እንዳለ፣ መሬቱ ወዴት እንደሚያዘቀዝቅ የሚያውቅ አንድ አካል ያስፈልጋል። ይህ አካል ማዘጋጃ ቤቱ ነው፤ የሚመለከትበትም ጊዜ ፈቃድ የሚጠየቅበት ጊዜ ነው። እርሱም ነገሩን አይቶ «በዚህ ሰፈር የቧንቧ ውሃ ስለ ገባ የእጅ ጉድጓድ ለመጠጥ አይሁን» ሊል ይችላል፤ ወይም «በዚህ ሰፈር ጉድጓዱ በሲሚንቶ የተደፈነ ሆኖ በፍሳሽ ማንሻ መኪና ይነሣ» ሊል ይችላል። አንድ ባለ ቤት ብቻውን እንዲህ ያለውን ነገር ሊወስን አይችልም።

ይህን እውነት ሌሎች አገሮችም የተማሩት በብዙ ሰው ሞት ነው። ለትምህርት በለንደን ሳለሁ ዛሬ ብሮድዊክ ወደምትባለው፣ ጥንት ብሮድ ስትሪት ትባል ወደ ነበረችው መንገድ ሄጄ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1854 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ላይ በዚያች መንገድ አካባቢ የኮሌራ በሽታ ተነሥቶ በ10 ቀን ያህል ጊዜ ውስጥ ከ500 በላይ ሰዎች ገደለ። ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም ከቤት ወደ ቤት እየዞረ የሞቱት ሰዎች ውሃ ከየት ይቀዱ እንደ ነበር ጠየቀ፤ አብዛኞቹም በመንገዱ ላይ ከነበረው የእጅ ፓምፕ የሚቀዱ መሆናቸውን አገኘ። በመስከረም 8 ቀን የፓምፑ እጀታ እንዲነቀል ተደረገ። በኋላ መሬቱ ተቆፍሮ ሲመረመር በአጠገቡ ካለው ቤት የፍሳሽ ጉድጓድ እስከ ውሃው ጉድጓድ ያለው ርቀት 1 ሜትር እንኳ የማይሞላ ሆኖ ተገኘ፤ የጉድጓዱም የጡብ ግንብ ፈርሶ ፍሳሹ ወደ ውሃው ይሰርግ ነበር። በዚያ ቤት አስቀድሞ አንዲት ሕፃን ታማ ነበርና የተነከረው ልብሷ የታጠበበት ውሃ የተደፋው በዚሁ ጉድጓድ ነው።

በዚያ ቦታ ቆሜ ሳለሁ ያሰብሁት ነገር ይህ ነው። የቤቱ ባለ ቤት ጉድጓዱን ሲያስገነባ ማንም መጥቶ «ውሃው የት ነው?» ብሎ አልጠየቀውም። እንግሊዞችም ነገሩ ስለ ገባቸው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1875 ዓ.ም. ባወጡት የሕዝብ ጤና ሕግ የየከተማው አስተዳደር ስለ አዳዲስ ቤቶች ግድግዳ፣ ስለ አየር መግቢያ፣ ስለ ፍሳሽ መውረጃና ስለ ሽንት ቤት ደንብ እንዲያወጣ ሥልጣን ሰጡት። ልብ ብለን ብንመለከት ሕጉ የሕንፃ ሕግ አልተባለም፤ የጤና ሕግ ተባለ እንጂ። የኒው ዮርክ ግዛትም በ1901 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣችው የኪራይ ቤቶች ሕግ እያንዳንዱ ክፍል መስኮት እንዲኖረው፣ እያንዳንዱም መኖሪያ የራሱ ሽንት ቤት እንዲኖረው አዘዘች፤ ብርሃን በማይገባባቸው ክፍሎች የሳንባ ነቀርሳ እየተዛመተ ሠራተኛውን ሕዝብ ይፈጅ ነበርና።

ይህ አሳብ የውጭ አገር ሰዎች ብቻ ያገኙት አዲስ ጥበብ አይደለም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከጣራው ላይ ሰው ወድቆ እንዳይሞት በዙሪያው መከታ እንዲያበጅ፣ ያላበጀ እንደ ሆነም የሰው ደም በቤቱ ላይ እንደሚሆን ታዟል። ትእዛዙ የተሰጠው ቤቱ አዲስ ሲሠራ መሆኑን እናስተውል። ሰው ከወደቀ በኋላ መከታ ማበጀት ለወደቀው ሰው አይጠቅመውም። አባቶቻችንም «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚሉት ስለዚህ ነው።

እስካሁን የተናገርሁት አንድን ግቢ ከጎረቤቱ ጋር ስለ ማስማማት ነው። አንድን ሰፈር ከሌላው ሰፈርና ከተፈጥሮ ጋር ማስማማት ደግሞ የመሬት አጠቃቀም ፕላን ሥራ ነው፤ ማለት መኖሪያው፣ ገበያው፣ ፋብሪካው፣ ቆሻሻ መጣያውና ክፍት የሚተወው ሜዳ እያንዳንዱ የት እንደሚሆን መወሰን ነው። በዚህም ረገድ ትምህርቱን ከሩቅ መፈለግ አያስፈልገንም።

ለሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ ሌሊት በድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ በድንገት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፤ ገበያተኛም ይቀመጥበታል። ነገር ግን በላይኛው ተራራ የዘነበው ዝናብ መንገዱን አልረሳም ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ ቆሼ በሚባለው ቦታ ለብዙ ዓመታት የተከመረው ቆሻሻ ተንዶ በሥሩና በዳሩ ቤት ሠርተው ይኖሩ የነበሩትን ሰዎች ሲቀብር ከ110 በላይ ሰዎች አለቁ። በእነዚህ ቦታዎች የኖሩትን ሰዎች ልንወቅስ አይገባንም፤ ሌላ ቦታ ቢያገኙ ኖሮ በዚያ ባልኖሩ ነበርና። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ለወንዝ የተተወ ቦታ ባዶ መስሎ ቢታይም ባዶ አለመሆኑን ነው። ሁለተኛው፣ «እዚህ አትሥሩ» የሚል ደንብ «እዚያ ሥሩ» የሚል ቦታ ካልተጨመረበት ግማሽ ደንብ ብቻ መሆኑን ነው።

አሁን ከላይ ወዳነሣኋቸው ምሬቶች ልመለስ፤ ሳይመለሱ ማለፍ አይገባምና።

«በገዛ ግቢዬ ያሻኝን ብሠራ ማን ይከለክለኛል?» ለሚለው ሕጋችን አስቀድሞ መልሶለታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለ ሀብት በሀብቱ ሲሠራበት ጎረቤቱን የሚጎዳ ወይም የሚያውክ ነገር እንዳያደርግ፣ ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጢስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረት እንዳያደርስበት ይከለክላል። እንግዲህ መብት ከጎረቤት ጤና ጋር ተለክቶ የተሰጠ ነው። ፈቃድ ይህንኑ ልክ ነገሩ ሳይበላሽ በፊት የሚያሳይ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ባይኖር ሁለቱ ጎረቤታሞች የሚገናኙት በፍርድ ቤት ይሆናል፤ ወይም እኔ እንዳየሁት በለቅሶ ቤት።

«ደንብ ሰውን ለመለየትና ለማራቅ ነው» የሚሉም አሉ፤ ይህም ጥርጣሬ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጠላት ወረራ ዘመን ፋሺስቶች በአዲስ አበባ ባወጡት ፕላን የነጩን ሰፈር ከአገሬው ሰፈር ለይተው አገሬውን ወደ ምዕራብ ለማዛወር ጀምረው ነበር። የመርካቶ ስም የቀረልን ከዚያ ዘመን ነው። እንዲህ ያለው አከፋፈል የጤናን ስም ቢይዝም ለጤና አልነበረም። ስለዚህ አንድ ደንብ መልካም መሆኑን የምናውቅበት መመዘኛ አለን፤ ደንቡ የሚለየው ሰውን ከሰው ነው ወይስ ሰውን ከበሽታ? የቆዳ ፋብሪካን ከትምህርት ቤት፣ ቆሻሻ መጣያን ከመኖሪያ፣ የፍሳሽ ጉድጓድን ከመጠጥ ውሃ የሚለይ ደንብ የሁላችን ወዳጅ ነው። ሀብታሙን ከድኃው ለመለየት የተጻፈ ደንብ ግን በእኛ መጽሔት ድጋፍ አያገኝም።

«ፈቃዱ ይዘገያል፤ ወጪውም ይከብዳል» ለሚለው ግን እኔ የምሰጠው ተቃውሞ የለኝም፤ ብዙ ጊዜ እውነት ነውና። ከላይ የነገርኋቸው ጡረተኛ ሰው ፈቃድ ያልጠየቁት ሕግ ጠልተው አልነበረም፤ ሁለት ክረምት መጠበቅ ፈርተው ነው። ዘግይቶ የሚመጣ ፈቃድ ከሚከለክል ፈቃድ የባሰ ጉዳት አለው። የተከለከለ ሰው ምክንያቱን ያውቃል፤ የተጉላላ ሰው ግን በጨለማ ይሠራል፤ በጨለማ የተሠራ ጉድጓድም የት እንዳለ ማንም አያውቅም።

በሕግ በኩል መንገዱ አልተዘጋም ነበር። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ከተሞች መዋቅራዊ ፕላንና የአካባቢ ልማት ፕላን እንዲኖራቸው ደነገገ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ ሕንፃዎችን «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» ብሎ በሦስት ምድብ ከፈለ። ባለ አንድ ወለል ሆኖ በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ስፋት ከ7 ሜትር የማይበልጠውን ትንሽ ቤት በ«ሀ»፣ ለሕዝብ አገልግሎት የሚውለውን ወይም ቁመቱ ከ12 ሜትር በላይ የሆነውን በ«ሐ» መደበ። የዚህ አከፋፈል አሳብ ትክክለኛ ነው፤ የትንሹ ቤት ባለ ቤት እንደ ትልቁ ሕንፃ ባለ ቤት እንዳይቸገር ያደርጋልና። አሳቡ በየማዘጋጃ ቤቱ መስኮት በተግባር እንዲታይ ማድረግ ግን የሠራተኛው ፈንታ ነው።

እንግዲህ ባለ ቤት የሆነ ሁሉ መሠረት ከማስቆፈሩ በፊት፣ ፕላኑ ገና በወረቀት ላይ ሳለ፣ ራሱን የሚጠይቃቸውን ነገሮች ባጭሩ እዘረዝራለሁ።

1ኛ፤ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ከራሴ ብቻ ሳይሆን በዙሪያዬ ካሉት ጎረቤቶች ሁሉ የመጠጥ ውሃ ምን ያህል ይርቃል? ከውሃው በታች ባለው ቁልቁለት ነው ወይስ በላይ?

2ኛ፤ እያንዳንዱ የመኝታ ክፍል ወደ ውጭ የሚከፈት መስኮት አለው ወይ? በብዙ አገር የሕንፃ ደንብ የመስኮቱ ስፋት ቢያንስ የወለሉ አንድ አሥረኛ ይሆናል። ወርዱ 3፣ ርዝመቱ 4 ሜትር የሆነ ክፍል 12 ካሬ ሜትር ስለ ሆነ 1.2 ካሬ ሜትር መስኮት ያስፈልገዋል ማለት ነው። የሳንባ ነቀርሳ በአየር የሚተላለፍ በሽታ ነውና ንጹሕ አየርና የፀሐይ ብርሃን የሚገባበት ክፍል መድኃኒት ሳይገዛ ይከላከላል።

3ኛ፤ የማድ ቤቱ ጢስ ወዴት ይወጣል? የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገመተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 ዓ.ም. ብቻ በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። ማድ ቤቱን ከመኝታው መለየትና የጢስ መውጫ ማበጀት ሲታነጽ ቀላል ነው፤ ከታነጸ በኋላ ግን ግድግዳ ማፍረስ ይጠይቃል።

4ኛ፤ ከጣራዬ የሚወርደው ዝናብ ወደ መንገዱ ቦይ ይገባል ወይስ ወደ ጎረቤቴ ግድግዳ? ውሃ የሚተኛበት ግቢ የግድግዳ መበስበሻና የትንኝ መራቢያ ነው።

5ኛ፤ ክፍሎቹን የማከራይ እንደ ሆነ ለስንት ሰው ስንት ሽንት ቤት አዘጋጅቻለሁ? ለ6 ክፍል ተከራይ አንድ ጉድጓድ መቆፈር ገንዘብ ማትረፍ ይመስላል፤ ጉድጓዱ ከጊዜው በፊት ሞልቶ ሲፈስ ግን ትርፉ ወዴት እንደ ሄደ ይታያል።

እነዚህ አምስት ጥያቄዎች በወረቀት ላይ ሲሳሳቱ በላጲስ ይታረማሉ። በመሬት ላይ ከተሳሳቱ በኋላ ግን የሚታረሙት በዶማና በብዙ ገንዘብ ነው፤ አንዳንዱም ጨርሶ አይታረምም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ምሳሌ ለቤት ሠሪ የተነገረ ይመስላል።

የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች ለሆኑት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ደግሞ ከጤና በኩል ሦስት ነገር አሳስባለሁ። የመጀመሪያው፣ ለትንሽ ቤት ፈቃድ ምን ምን ወረቀት፣ ስንት ብርና ስንት ቀን እንደሚያስፈልግ በግልጽ አማርኛ ተጽፎ በበሩ ላይ ይለጠፍ፤ ሰው የሚያውቀውን ነገር አይፈራም። ሁለተኛው፣ መሐንዲሱ ቦታውን ለማየት ሲሄድ የጤና ሠራተኛው አብሮት ይሂድ፤ አንዱ ምሰሶውን ሲያይ ሌላው ጉድጓዱን ይይ። ሦስተኛው፣ «አይፈቀድም» ከማለት በፊት «በዚህ በኩል ቢሆን ይፈቀዳል» ይባል። ባለ ቤቱ ከቢሮው ሲወጣ ምክር ይዞ የወጣ እንደ ሆነ ጎረቤቱንም ይዞ ይመጣል። እኛም የጤና መኮንኖች በሽተኛ እስኪመጣልን በጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጣችንን ትተን ጉድጓድ በሚቆፈርበት ቦታ እንገኝ። ይህን የምለው ከማንም አስቀድሞ ለራሴ ነው።

ለመምህራንም አንድ ልመና አለኝ። ስለ ንጽሕና በሰሌዳ ላይ የሚጻፈው ትምህርት መልካም ነው፤ ነገር ግን ከሁሉ የሚበልጠው ተማሪው በእጁ የለካው ነው። የ6ኛ ወይም የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች በቤታቸው የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ከውሃው ጉድጓድ ስንት ሜትር እንደሚርቅ፣ የመኝታ ክፍላቸው መስኮት የወለሉ ስንተኛ እጅ እንደ ሆነ ለክተው ያምጡ። ቁጥሩን በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ያስሉት፤ የሰፈራቸውንም ካርታ ይሣሉ። ልጅ ወደ ቤቱ ሜትር ይዞ ሲገባ አባት «ምን ልትለካ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ልጁም ይመልሳል። እኔ በአንድ ዓመት ስብከት የማላደርሰው ትምህርት በአንድ ማታ ይደርሳል። ተማሪው ጥፋት ያገኘ እንደ ሆነም በማንም ላይ እንዳይሳለቅ፣ ጎረቤትንም እንዳያሳፍር መምከር ይገባል፤ ዓላማው ውሃን ማዳን ነው እንጂ ሰውን መክሰስ አይደለምና።

በመጨረሻ ወደዚያች ከተማ ልመለስ። ጡረተኛው ሰው ጉድጓዱን በገዛ ገንዘባቸው ደፍነው በሲሚንቶ የተገነባ ሌላ ጉድጓድ አሠሩ፤ ለጎረቤታቸውም ግቢ የቧንቧ ውሃ ለማስገባት ከወጪው እኩሌታውን ከፈሉ። የልጁ እናትና እርሳቸው ዛሬም በአንድ ዕድር ይኖራሉ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚባለው እውነት ሆኖ ተገኝቷል። ነገር ግን ይህ ሁሉ መልካም ሥራ የተሠራው ከቀብሩ በኋላ ነው። ከቀብሩ በፊት ሊሠራ ይችል ነበር፤ የሚያስፈልገውም አንድ ሜትር፣ አንድ ወረቀትና «ውሃው የት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

አሁን በመንገድ ሳልፍ ጉድጓድ ሲቆፈር ባየሁ ቁጥር ሰላምታ ሰጥቼ ብቻ አላልፍም፤ ቆሜ እጠይቃለሁ። አንባቢም ቤት ልትሠራ ባሰብህ ጊዜ ማንም ሳይጠይቅህ ፕላንህን ይዘህ አስቀድመህ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሂድ፤ ከዚያም በፊት የጎረቤትህን በር አንኳኳ።